በሁለት ትኬት ስንበር የሻንጣ፣ የመቀመጫና የቼክ ኢን ተጨማሪ ክፍያ እንዴት ይቀነሳል?

ጥያቄ
የልጅ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ፣ እኔና የ6 ዓመት ልጃችን ለጉዞ እየተዘጋጀን ነው። የረጅሙን በረራ ትኬት ቆርጠናል፤ ለእያንዳንዳችን «2 ፒሲ» ይላል፣ አንዱ ሻንጣ እስከ 23 ኪሎ ነው። ቀጥሎ ያለውን አጭር በረራ ግን በርካሽ ዋጋ ከሚታወቁት አየር መንገዶች ለብቻው ልንገዛ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ዋጋ ደስ ይላል፤ ሻንጣ፣ መቀመጫ፣ ቅድሚያ መሳፈሪያ እየተባለ ሲደመር ግን ጭማሪው ትኬቱን ራሱን ይበልጠዋል።

የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ስድስቱ ሻንጣ በአጭሩ በረራም እንደተፈቀደልን ይቆጠራል? ካልተቆጠረ የትኛውን ክፍያ ቀድሞ መክፈል፣ የትኛውን ጨርሶ መተው ያዋጣል? ልጁ ከአንዳችን ጋር እንዲቀመጥ የግድ መክፈል አለብን? ኤርፖርት ከደረስን በኋላ ድንገት የሚመጣብን ክፍያስ ከምን ከምን ይመጣል?

መልስ
ትኬት ክፍል፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የሚታየው ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ናቸው ወይስ በሁለት የሚለው ነው። በአንድ ትኬት ላይ ከሆኑ፣ አየር መንገዶቹ ቢለያዩም፣ ለሙሉው መንገድ የሚሠራው አንድ የሻንጣ ደንብ ነው፤ የማን ደንብ እንደሚገዛ አየር መንገዶቹ በአያታ (በዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር) አሠራር ይለዩታል። ወደ አሜሪካ በሚገባ ወይም ከዚያ በሚነሣ ጉዞ ደግሞ መነሻው ላይ የጸናው የሻንጣ ልክና ክፍያ እስከ መጨረሻው እንዲያገለግል የአገሩ ደንብ ያዛል። በሁለት ትኬት ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ያንን «2 ፒሲ» አያውቀውም። ለእሱ እናንተ ያለ ሻንጣ የተመዘገባችሁ ሦስት ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ አይቆጠርም ነው።

ይህ ከሻንጣ ክፍያው ሌላ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ በመገናኛው ኤርፖርት ሻንጣችሁን አውጥታችሁ እንደገና ማስረከብ ይኖርባችኋል። ሻንጣ ለማውጣት ኢሚግሬሽን አልፎ ወደ አገሩ መግባት ያስፈልጋል፤ ቪዛ የሚጠይቅ አገር ከሆነ የትራንዚት መንገደኛ ነኝ ማለት ብቻውን አያሳልፍም። ይህን ሳያዩ የገዙ ሰዎች ሁለተኛውን በረራ ሙሉ በሙሉ ያጣሉ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ፣ ሁለተኛው አየር መንገድ እንደቀረ መንገደኛ ነው የሚያያችሁ፤ አዲስ ትኬት በዕለቱ ዋጋ መግዛት ይመጣል። በመካከል ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚተው ግንኙነት በሁለት ትኬት አይገዛም።

ስለዚህ አጭሩን በረራ ከመግዛታችሁ በፊት የረጅሙን በረራ አየር መንገድ ጠይቁ። እስከ መጨረሻው ከተማ በሽርክና አየር መንገድ የሚያደርስ ከሆነ፣ ትኬቱን ወደዚያ ማስቀየሩ ስንት እንደሚያስጨምር በጽሑፍ ይንገሯችሁ። ከዚያ ማወዳደር ነው፦ በአንድ በኩል የማስቀየሪያው ጭማሪ፣ በሌላ በኩል የርካሹ ትኬት ዋጋ ሲደመር የሻንጣዎቹ ክፍያ ሲደመር የመቀመጫው። ርካሹን ስታሰሉ እስከ መጨረሻው የክፍያ ገጽ ድረስ ሂዱ፤ ካርድ ሳታስገቡ ድምሩን ጻፉና ውጡ። የመጀመሪያው ገጽ ዋጋ ለማወዳደር አይረባም። ስድስት ሻንጣ ባለበት ጉዞ አንዱ ትኬት ብዙ ጊዜ ያሸንፋል።

ትኬቱ ላይ ያለውን ምልክት በደንብ አንብቡት። «2 ፒሲ» ማለት በቁጥር ነው፣ ሁለት ሻንጣ። «30 ኬ» ማለት ደግሞ በክብደት ነው፤ በጠቅላላ 30 ኪሎ። «0 ፒሲ» ወይም «ኒል» ካለ ወደ ጭነት ክፍል የሚገባ ሻንጣ የላችሁም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በቁጥር የሚሠራ አየር መንገድ እያንዳንዱን ሻንጣ ለብቻው ይመዝናል፤ አንዱ 26፣ ሌላው 18 ኪሎ ቢሆን አማካዩ አይያዝላችሁም፣ በ26ቱ ያስከፍላችኋል። በክብደት የሚሠራው ግን በአንድ ቡኪንግ (በአንድ የትኬት ምዝገባ) አብረው ለቀረቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ድምሩን ያያል። በሁለቱም አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ማለፍ የለበትም፤ ይህ ሻንጣ የሚያነሡትን ሠራተኞች ለመጠበቅ የተቀመጠ ጣሪያ ስለሆነ በገንዘብም አይታለፍም።

መልስ
ሚዛን፦

በተባለው ላይ የምጨምረው የማሸጉን ነገር ነው። የሚበዛው ያልታሰበ ክፍያ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው።

በሁለት ትኬት ከሄዳችሁ በመንገዱ ላይ ካሉት ደንቦች በጠባቡ አሽጉ። ርካሽ አየር መንገዶች ሻንጣን በ10፣ በ20፣ በ23 ኪሎ እየከፋፈሉ ይሸጣሉ። የገዛችሁት 20 ከሆነ፣ በረጅሙ በረራ 23 የተፈቀደ መሆኑ አይጠቅምም፤ በመገናኛው ኤርፖርት ላይ ለ3 ኪሎ ትርፍ ትከፍላላችሁ። ትርፍ ኪሎ በየኪሎው ስለሚታሰብ ከሌላ ሻንጣ ዋጋ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። ስድስት ሻንጣ ስለተፈቀደ ብቻ ስድስት ሻንጣ መሙላት ደግሞ አያስፈልግም። ዕቃው በአራት የሚያልቅ ከሆነ ሁለቱ ይቅሩ፤ በአጭሩ በረራ ላይ እያንዳንዱ ሻንጣ ለብቻው ዋጋ አለው።

የባዶ ሻንጣው ክብደት ራሱ ይታይ። ትልቅ ባለ ጎማ ደረቅ ሻንጣ ባዶውን 4 ወይም 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ያው መጠን ያለው የጨርቅ ቦርሳ ከዚያ በጣም ያንሳል። በ20 ኪሎ ልክ ላይ 5 ኪሎው ፕላስቲክና ጎማ ከሆነ ሩቡን ለሻንጣው ነው የከፈላችሁት። አየር የሚያስወጡ የልብስ ከረጢቶች ብዙዎችን ያሳስታሉ፤ ቦታ እንጂ ክብደት አይቀንሱም፣ እንዲያውም ሻንጣው ገና ሳይሞላ ልኩን ያልፋል።

አመዛዘኑ፦ የሰው ሚዛን ካለ ባዶ እጃችሁን ቁሙና ጻፉ፣ ከዚያ ሻንጣውን አንሥታችሁ ቁሙ፤ ልዩነቱ ክብደቱ ነው። ሻንጣውን ብቻውን ሚዛኑ ላይ አታስቀምጡ፤ ቁጥሩን ይሸፍናል፣ ጠርዙም ወለል ይነካና ያሳንሰዋል። በእጅ የሚንጠለጠል ሚዛን ከሆነ መጀመሪያ ይፈተሽ። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ስለሆነ፣ ባለ 2 ሊትር 5 ጠርሙስ በከረጢት አንጠልጥላችሁ 10 ኪሎና ትንሽ ማሳየቱን እዩ። ከልኩ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ አጉድሉ፤ የኤርፖርቱ ሚዛን ከእናንተው ጋር በግራም አይስማማም። የካውንተሩ ንባብ በግልጽ ከፍ ካለባችሁ በጎን ባለው ሚዛን እንዲደገም በትሕትና ጠይቁ።

የሻንጣው ልክ በአብዛኛው ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ሲደመሩ 158 ሳንቲሜትር ነው፤ ጎማውና እጀታው አብረው ይለካሉ። ከክብደትም ከመጠንም ያለፈ ሻንጣ በብዙ አየር መንገዶች ሁለት ክፍያ ይደራረብበታል። ያኔ ዕቃውን ለሁለት መክፈልና ሁለተኛ ሻንጣ መግዛት ይረክሳል።

አሁን በነጻ ወደሚገባው ትንሹ ቦርሳ ልምጣ። በ2025 የአውሮፓ አየር መንገዶች ማኅበር አባላት ቢያንስ 40 በ30 በ20 ሳንቲሜትር የሆነ ቦርሳ ያለ ክፍያ ለማስገባት ተስማምተዋል። ይህ 24 ሊትር ማለት ነው፤ ለሦስት ሰው 72 ሊትር ነጻ ቦታ አላችሁ። ልጁም የራሱ ወንበር ስላለው የራሱ ቦርሳ ይፈቀድለታል፤ ይህን የሚረሱ ወላጆች ብዙ ናቸው። ቦርሳው ለስላሳ ይሁን። መጠን መለኪያው ሳጥን ውስጥ ሲገባ ለስላሳው ይታጠፋል፣ ደረቁ ግን በ2 ሳንቲሜትር ብልጫ ይቀራል፤ ጌት (መሳፈሪያ በር) ላይ የሚጠየቀው ዋጋ ከሁሉ የከፋው ነው። የፊት ኪሶቹን አትሙሉ፣ ከ20 የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ትንሹን ቦርሳ በክብደት የማይመዝኑ አሉ፣ ግን ደንቡ ሁሉ ቦታ አንድ አይደለም። እንደ ኤርኤዥያ ባሉት አየር መንገዶች የእጅ ሻንጣውና ትንሹ ቦርሳ አንድ ላይ 7 ኪሎ ነው። እዚያ ከባዱን ዕቃ ወደ እጅ ማዛወር ችግሩን ከካውንተር ወደ ጌት መውሰድ ብቻ ነው። የሚለበስ ግን አይመዘንም፤ ከባዱ ጫማና ካፖርት ይለበስ፣ ቻርጀርና መጽሐፍ በካፖርቱ ኪስ ይግባ።

ፓወር ባንክ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በእጅ ይያዛል፤ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል። የእጅ ሻንጣችሁን ጌት ላይ ወደ ታች እናስገባው ካሏችሁ መጀመሪያ ባትሪዎቹን፣ መድኃኒትና ሰነድ አውጡ።

መልስ
ቦርዲንግ፦

መቀመጫና ቼክ ኢን ላይ ልመልስ።

ሦስታችሁም በአንድ ቡኪንግ ውስጥ ግቡ። ሲስተሙ ልጁን ከወላጅ ጋር የሚያገናኘው አንድ የቡኪንግ ቁጥር ሲያይ ነው፤ የልጁ ለብቻው ከተገዛ እንግዳ ሰው ነው። ከዚያ የአየር መንገዱን የቤተሰብ አቀማመጥ ደንብ ፈልጋችሁ አንብቡ። አንዳንዶቹ ልጅን ከአንድ አዋቂ አጠገብ በነጻ ያስቀምጣሉ። ራያንኤር ለምሳሌ ከ12 ዓመት በታች ልጅ ይዞ የሚሄድ አንድ አዋቂ መቀመጫ እንዲገዛ ያስገድዳል፣ የልጆቹን ግን በነጻ ይሰጣል። በእንደዚህ ዓይነቱ የሚከፈለው የአንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ወላጅ ሲስተሙ የሰጠውን ቢቀበል የሚጎዳው ነገር የለም። ለሦስቱም መቀመጫ መግዛት በአጭር በረራ ላይ ከሁሉ በቀላሉ የሚቀር ወጪ ነው።

ቼክ ኢን። ርካሾቹ አየር መንገዶች በኢንተርኔት ቼክ ኢን ያላደረገን መንገደኛ ካውንተር ላይ ያስከፍላሉ፤ ክፍያው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ በሦስት ይባዛል። ቼክ ኢን የሚደረግበት ጊዜም አጭር ነው። መቀመጫ ላልገዛ ብዙ ጊዜ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ይከፈታል፣ ራያንኤር ላይ 2 ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል። የእናንተን ጉዞ እዩት፦ የአጭሩ በረራ ቼክ ኢን የሚከፈተው ረጅሙ በረራ ላይ ሳላችሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያ ሰዓት አስቀድሞ በየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ተጽፎ ይያዝ፣ የመገናኛው ኤርፖርት ነጻ ዋይፋይ ይጣራ፣ ወይም ቤት የቀረ ሰው በቡኪንግ ቁጥሩና በኢሜይሉ ይሥራላችሁ። የመመለሻውን በረራም እንዲሁ።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ በአንዳንድ አየር መንገዶች ቼክ ኢን ካደረገ በኋላም ካውንተር ሄዶ ሰነዱን ማስመርመር አለበት። ምርመራው በነጻ ነው፤ ሳያደርጉ ጌት የደረሱ ግን ይመለሳሉ። ሰው የሚሳሳተው «ለማንኛውም ካውንተር መሄዴ አይቀርም» ብሎ የኢንተርኔቱን ሲዘል ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ስም። በፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት የማሽን መስመሮች እዩ። በላይኛው መስመር ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ፣ ሁለት የማዕዘን ምልክት (<<) እስኪመጣ ያለው የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ይገባል፤ ከምልክቱ በኋላ ያለው የመጠሪያ ስም ነው። ፊደል በፊደል እንደዚያው ይጻፍ። የስም ማስተካከያ በብዙ ቦታ ይከፈልበታል፤ ከገዙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ግን ጥቃቅን ስሕተት በነጻ የሚያርሙ አሉ። ስለዚህ ትኬቱን እንደተቀበላችሁ ወዲያው አንብቡት።

የልጅ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ነው ያጠራችሁልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የአጭሩን በረራ ሻንጣ ከትኬቱ ጋር አሁኑኑ ልግዛ ወይስ እስኪቃረብ ልቆይ? ሌላው «ቅድሚያ መሳፈሪያ» የሚለው 10 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ይጨምራል፤ ከ20 ኪሎው ይሻላል?

መልስ
ሚዛን፦

አሁኑኑ ግዢ። የሻንጣ ዋጋ በደረጃ ይወጣል፦ ከትኬቱ ጋር ሲገዛ ዝቅተኛው፣ በኋላ በድረ ገጹ ሲጨመር ከፍ ያለ፣ ካውንተር ላይ ከዚያ የበለጠ፣ ጌት ላይ የመጨረሻው።

መልስ
ትኬት ክፍል፦

ደረጃው ልክ ነው፤ «አሁኑኑ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የተገዛ ሻንጣ በብዙዎቹ ርካሽ አየር መንገዶች አይመለስም፣ ከ20 ወደ 10 ዝቅ ማድረግም አይቻልም። መጨመር ግን ይቻላል። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን ዝቅተኛውን ቁጥር ከትኬቱ ጋር ግዙ፤ ሦስት ወይስ አራት የሚለው ካጠራጠረ ሦስት ይያዝ። ከዚያ ዕቃው ታሽጎ ሲመዘን፣ ቤት ሳላችሁ፣ አራተኛውን በድረ ገጹ ጨምሩ። በመካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሳይጠቀሙበት ከሚቀር ሙሉ ሻንጣ ያንሳል። ከቤት ከወጡ በኋላ መጨመር ነው የሚያስመታው።

ቅድሚያ መሳፈሪያ ለእናንተ አይሆንም። የሚጠቅመው ወደ ጭነት ክፍል የሚገባ ምንም ሻንጣ ለሌለው ነው። እናንተ ለማንኛውም ካውንተር ትሰለፋላችሁ፤ ለ10 ኪሎ ከምትከፍሉት በላይ ጥቂት ጨምራችሁ 20 ኪሎ ታገኛላችሁ፣ የ100 ሚሊ ሊትር የፈሳሽ ገደብም አይመለከታችሁም። ዋጋውን ለኪሎው አካፍሉና እዩ።

ጥቅል ዋጋዎችንም ተጠንቀቁ። ሻንጣ፣ መቀመጫና ቅድሚያ ያለው ጥቅል ለአንድ ሰው ሲመረጥ በአንዳንድ ድረ ገጾች በቡኪንጉ ላሉት ሁሉ ይሆናል። ተራውን ትኬት ለሦስቱም ወስዶ ሻንጣዎቹን በአንድ ሰው ስም ወይም በሁለት ብቻ መጨመር ይረክሳል። መሄጃና መመለሻም ለየብቻ ይመረጣሉ። ስትመለሱ ዕቃው የሚቀንስ ከሆነ «ለሁለቱም መንገድ» የሚለው ምልክት ይነሣ፤ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተመረጠው እሱ ነው።

በክፍያው ገጽ ላይ ሁለት ነገር አይታለፍ። አየር መንገዱ ዋጋውን በካርዳችሁ ገንዘብ ለውጬ ላስከፍላችሁ ካለ አትቀበሉ፤ በራሱ ገንዘብ እንዲከፈል ምረጡና ምንዛሪውን ባንካችሁ ያስላ። የድረ ገጹ ምንዛሪ የራሱ ትርፍ ተጨምሮበታል። ሁለተኛ፣ አስቀድመው ምልክት የተደረገባቸው ነገሮች ካሉ አንሡ። በአውሮፓ ኅብረት ይህ የተከለከለ ነው፣ ሌላ ቦታ ግን ኢንሹራንስና መልእክት ማሳወቂያ እንዲህ ይገባል።

በተቻለ መጠን ከአየር መንገዱ ድረ ገጽ በቀጥታ ይገዛ። ትኬት በሚሸጡ ሌሎች ድረ ገጾች ሲገዛ ሻንጣው ከአየር መንገዱ ዋጋ በላይ ይሆናል፤ ቡኪንጉም በድርጅቱ ኢሜይል ስለሚመዘገብ የቼክ ኢን ማሳሰቢያና የሰዓት ለውጥ ወደ እናንተ አይመጣም። ኤርፖርት ላይ ቼክ ኢን ባለማድረግ የሚከፍሉት ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ
ቦርዲንግ፦

የከፈላችሁበት ነገር ሳይፈጸም ሲቀር ምን እንደሚደረግ አልተነሣም። ያም ገንዘብ ነው።

የሻንጣው መለያ ወረቀትና የክፍያ ደረሰኝ ሻንጣው እጃችሁ እስኪገባ አይጣሉ። ሻንጣ ከቀረ ከአዳራሹ ሳትወጡ የጠፋ ዕቃ ክፍል ሄዳችሁ አስመዝግቡ፤ የመዝገብ ቁጥር ሳይዙ መውጣት በኋላ የሚቀርበውን ጥያቄ ሁሉ ያዳክማል። በሞንትሪያል ስምምነት ለሚገዛ ዓለም አቀፍ ጉዞ፣ የተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ የዘገየ ደግሞ ከተረከባችሁ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይጠይቃል። የካሳው ጣሪያ ከታኅሣሥ 2024 ማብቂያ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሚያወጣው የሒሳብ መለኪያ ነው። ሻንጣው እስኪመጣ የገዛችሁት ልብስና የንጽሕና ዕቃ ደረሰኝ ይቀመጥ፣ የሚከፈለው በእሱ ነው።

የአሜሪካ ደንብ ከዚህ ለየት ያለ ነገር አለው፤ ለሻንጣው የተከፈለው ክፍያ ራሱ ይመለሳል። በአገር ውስጥ በረራ ሻንጣው በ12 ሰዓት ካልደረሰ፣ በዓለም አቀፍ ደግሞ በረራው እስከ 12 ሰዓት ከሆነ በ15፣ ከዚያ ካለፈ በ30 ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ ማለት ነው። የተገዛ መቀመጫ ተቀይሮ ሌላ ከተሰጣችሁም ክፍያው እንዲመለስ ጠይቁ፤ አዲሱን ቦርዲንግ ፓስ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ።

ጥያቄው ለማን እንደሚቀርብ ካላወቃችሁ የባንክ መግለጫችሁን ተመልከቱ። የሻንጣውን ገንዘብ የወሰደው ስም የአየር መንገዱ ከሆነ ለእሱ፣ የሸጣችሁ ድረ ገጽ ከሆነ ለድረ ገጹ ጻፉ። ለተሳሳተው ከተላከ አንዱ ወደ ሌላው እየመራ ቀኑ ያልፋል።